ታጥበው የመጡት ልጆች

በዚያ ሰፈር እትዬ አይነኬን የማያውቅ ሰው ካለ፣ ወይ ትናንት የተወለደ ነው፣ ወይ ገላውን ታጥቦ አያውቅም። ከገበያው ጀርባ ያለውን የሕዝብ መታጠቢያ ቤት ከወጣትነቷ ጀምሮ የምትጠብቀው፣ የምትወለውለው፣ ውኃውን የምታሞቀው፣ ታጣቢውንም የምትቆጣው እሷ ናት። ነጭ ሻሽ፣ ነጭ ሽርጥ፣ ነጭ የፕላስቲክ ጫማ ታደርጋለች። በሩ ላይ ተቀምጣ ገቢውን ከፀጉሩ እስከ ጥፍሩ ታየዋለች፤ ወጪውንም እንደዚያው። በደንብ ሳይታጠብ የወጣ ሰው ካየች "ተመለስ!" ነው የምትለው። ሰውዬው ፖሊስ ይሁን አስተማሪ ደንታ የላትም፤ ተመልሶ ከጆሮው ጀርባ ይታጠባል።

አይነኬ የሚለውን ስም ያወጣላት ማን እንደሆነ ባይታወቅም ስሙ ልክክ ያለ ነው። የሰው እጅ አትጨብጥም። ሰላምታዋ ከሩቅ ራስ መነቅነቅ ነው፤ የግድ ሲሆንባት ክርኗን ታቀብላለች። የክፍል ቁልፍ ስትሰጥ እንኳ በክሩ አንጠልጥላ መዳፍ ላይ ጠብ ታደርገዋለች እንጂ ጣት ከጣት አይገናኝም። ጉዱ ያለው ታዲያ ሥራዋ ላይ ነው። በፍሳሹ ወንፊት ላይ ተጠቅልሎ የሚቀር ፀጉር፣ ማን እንደተፈተገበት የማይታወቅ የቀለጠ ሳሙና፣ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ የተረሳ የቁስል ፕላስተር፣ ይህ ሁሉ እሷን ነው የሚጠብቀው። አፍንጫዋን በሻሿ ጫፍ ይዛ፣ "እፍ! እፍ! ሰው ነው ይሄ?" እያለች ታነሣዋለች። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል የተባለው እሷን ታይቶ ሳይሆን አይቀርም።

ከቦይለሩ ጀርባ አንዲት ጠባብ ክፍል አለች። እዚያ ከልጅ ልጇ ጋር ትኖራለች። ልጇ ሥራ ፍለጋ ርቃ ስትሄድ ሕፃኗን ለእናቷ አስታቅፋ ሄደች፤ መጀመሪያ መጀመሪያ ትደውል ነበር፣ ኋላ ዝም አለች። ሕፃኗ አድጋ ትምህርት ቤት ገብታለች። ሰው ሁሉ የሚያስጠላት አይነኬ ይህችን ልጅ ስታቅፍና ስትስም አትጠግብም። ፍቅሯ ግን የሚገለጸው በሳሙና ነው። ሁልጊዜ ከራት በፊት ልጅቷን ፊቷ ታቆማትና፣

"አሳዪኝ" ትላታለች። ትንንሾቹ መዳፎች ይዘረጋሉ።

"ገልብጪው።" ይገለበጣሉ።

"ጥፍርሽን።"

ጥፍሮቹ አንድ በአንድ ይታያሉ። ልጅቷ ፈተናውን ካለፈች ጉንጯን ትሳማለች፤ ከወደቀች "አልለቀቀም!" ተብላ ወደ ውኃው ትመለሳለች። ልጅቷ ነገሩን እንደ ጨዋታ ነበር የያዘችው። አንዳንዴ ራሷ ቀድማ እየሳቀች "እማማ፣ አሳዪኝ በይኝ እንጂ!" ትላለች።

ከመታጠቢያ ቤቱ ጋር አንድ ግድግዳ የምትጋራው ከሰል ሻጯ ናት። አይነኬ በዚህ ዓለም ላይ ከምትጸየፋቸው ሁሉ ቁንጮዋ ይህች ሴት ነበረች። እጇ ጥቁር፣ ቀሚሷ ጥቁር፣ ያስነጠሳት እንደሆነ የሚወጣው ሁሉ ጥቁር። ገላዋን ልትታጠብ ስትመጣ የመጨረሻው ክፍል ይሰጣታል፤ ከኋላዋም "ግድግዳውን እንዳትነኪ!" የሚል ማስጠንቀቂያ ይከተላታል። ስትወጣ ክፍሉ በበረኪና ይታጠባል፤ ይደገማል። ከሰል ሻጯ ግን ተቀይማ አታውቅም። እጇን ከኋላዋ ደብቃ፣ "እሺ እትዬ" ብላ ትሄዳለች።

አንድ ነገር ግን አይነኬ ሳታይ አልቀረችም፤ ፈልጋ ሳይሆን ግድግዳው ዝቅ ያለ ስለሆነ። ሴትየዋ ገና አፉን እየፈታ ያለ ትንሽ ልጅ አላት። ከሰል ስትሰፍር በምትውልበት ሰዓት ይህን ልጅ በእጇ አትነካውም። ሲወድቅ በክርኖቿ መሃል አቅፋ ታነሣዋለች። ሲያለቅስ እጆቿን ወደ ኋላ አጣምራ፣ ጎንበስ ብላ ትስመዋለች። ዕቃዋን ስትሰበስብ መጀመሪያ እስከ ክንዷ በሳሙና ትፈተጋለች፤ ከዚያ በኋላ ነው ልጇን የምታቅፈው። ለእሱም "ከሰል ከነካህ ወዮልህ!" ተብሎ ተነግሮታል። ያ ልጅ ከከሰል ክምር አጠገብ እየዋለ ካናቴራው ነጭ እንደሆነ ይመሻል። አይነኬ ይህን እያየች "ይሁና" ትል ነበር። ከእሷ አፍ ይህ ትልቅ ሙገሳ ነው።

መዘዙ ሁሉ የመጣው በቦይለሩ ነው። አርጅቷል፤ ሆዱ ዝጎ ያንጠባጥባል፤ የማገዶ እንጨት እንደ ጉድ ይበላል፣ ውኃውን ግን ለብ ከማድረግ አያልፍም። የማዘጋጃ ቤቱ ሰውዬ መጥቶ በእስክሪብቶው ጫፍ ኳ ኳ አደረገውና፣ "ዝናብ ሳይገባ ካልተቀየረ ቤቱ ተዘግቶ መጋዘን ይሆናል" ብሏት ሄደ። ቤቱ መጋዘን ሆነ ማለት ሥራዋ የለም። ሥራዋ የለም ማለት ከጀርባ ያለችው ክፍልም የለችም። በዚህ ዕድሜዋ ልጅ ይዛ የት ልትወድቅ ነው? ነገሩ እንደ እግር እሳት ሲያንገበግባት ከረመ።

ክበቡ የደረሰው በዚህ መሃል ነው። ሕፃናትን የሚረዳ የበጎ አድራጎት ክበብ፤ ቢጫ ሰደርያ የለበሱ፣ ሲገናኙ የሚያጨበጭቡ፣ ሲለያዩም የሚያጨበጭቡ ሰዎች። እውነቱን እንናገር ከተባለ ምንም አልሠሩም አይባልም። ለትምህርት ቤቱ ልጆች ቦርሳ ሰጥተዋል፤ ዐይናቸው ለደከመባቸው መነጽር አምጥተዋል። ግን አንድ የሚያንገሸግሽ ልማድ ነበራቸው። ምንም ነገር ቢያደርጉ ሁለት ፎቶ ይፈልጋሉ፤ አንዱ "በፊት"፣ ሌላው "በኋላ"። ሁለቱ ፎቶዎች ጎን ለጎን ካልታዩ ዋናው ጽሕፈት ቤታቸው ለሚቀጥለው ሥራ አይፈቅድም አሉ። ቦርሳ የሰጡ ጊዜ ልጆቹ የነበራቸውን ቦርሳ ቤት ትተው፣ ደብተራቸውን በፌስታል አንጠልጥለው እንዲመጡ ታዘዙ። መነጽር የሰጡ ጊዜ ደግሞ አንዲቱን ልጅ ከግድግዳ ጋር ስትጋጭ፣ "እንደገና፣ አሁንም እንደገና፣ ትንሽ ጠንከር አድርጊው" እያሉ አነሷት። ሰፈሩ ይህን እያየ ሳቀ። ያኔ መሳቅ አልነበረበትም፤ ያኔ ማስታወክ ነበረበት።

የክበቡ ሊቀመንበር የትልቁ የቤት ዕቃ መደብር ባለቤት ናት። ሽቶዋ ቀድሟት ይገባል፣ ሳቋ ይከተላል። መታጠቢያ ቤቱን ዞራ አየችና፣ "እናቴ፣ እንዴት ያለ ንጹሕ ቤት ነው!" አለች። አይነኬ ደስ ብሏት ፊቷ በራ። "እዚህ የሕፃናት የንጽሕና ቀን እናዘጋጃለን። አባሎቻችን የሰፈሩን ልጆች በገዛ እጃቸው ያጥባሉ። ፎቶው ካማረልን አዲስ ቦይለር እናስገባልሻለን።"

"እውነትዎን ነው?"

"እኔ ቃሌ ቃል ነው፣ እናቴ።"

አይነኬ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰው እጅ ለመጨበጥ ዳዳት። እጇን ዘረጋ እያደረገች ሳለ ግን ሊቀመንበሯ ቀድማ የራሷን እጅ ሰደርያዋ ኪስ ውስጥ ከተተች። አይነኬ ይህን እንቅስቃሴ ከማንም በላይ ታውቀዋለች። ቢሆንም ከቦይለሩ አይበልጥም ብላ አለፈችው።

የክበቡ ጸሐፊ፣ አንገቱ ረጅም፣ ድምፁ ከአንገቱ የሚረዝም ሰው፣ በድምፅ ማጉያ ሰፈሩን እየዞረ አወጀ። "እናቶች ሆይ! ቅዳሜ ጠዋት ልጆቻችሁን ይዛችሁ ኑ! ልናጥብላችሁ ነው!" ይህን የሰማች እናት ምን እንደምታደርግ ለመገመት ክበብ ማቋቋም አያስፈልግም። የትኛዋ እናት ናት ያደፈ ልጇን በባዕድ ሰው ፊት የምታቆመው? "ልጇን ማጠብ አቅቷት" ልትባል ነው? ዐርብ ዕለት መታጠቢያ ቤቱ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ። እናቶቹ ልጆቻቸውን ቆዳቸው እስኪቀላ ፈተጉ። ጆሮ ተጎረጎረ፣ ጥፍር ተቆረጠ፣ ፀጉር ተጎነጎነ። አይነኬ ምስኪኑን ቦይለር እስኪያቃስት እንጨት አጎረሰችው። የራሷንም የልጅ ልጅ አጠበቻትና ለትምህርት ቤት መዝጊያ የተሰፋላትን ነጭ ቀሚስ አውጥታ ሰቀለችላት።

ቅዳሜ ጠዋት ልጆቹ በግቢው ሲሚንቶ ላይ ተሰለፉ። ፊታቸው በቫዝሊን ወዝቶ ፀሐይዋን ይመልሳል። የከሰል ሻጯ ልጅ ፀጉሩ በማበጠሪያ ለሁለት ተከፍሎ ሙሽራ መስሏል። የአይነኬ ልጅ ልጅ በነጭ ቀሚሷ ከፊት ቆማ፣ ቀሚሷ እንዳይጨማደድ እጆቿን ከጎኗ ራቅ አድርጋ ይዛለች። ሲያዩዋቸው ደስ ይላሉ።

ሊቀመንበሯ ከመኪናዋ ወርዳ ግቢው ውስጥ ስትገባ ፊቷ ተለዋወጠ።

"ምንድን ነው ይሄ?"

"ልጆቹ ናቸዋ" አለ ጸሐፊው።

"ልጆች መሆናቸውንማ አያለሁ። ንጹሕ ናቸው እኮ!"

"አዎ፤ ታጥበው ነው መሰል የመጡት።"

"ማን ታጠቡ አላቸው?"

ጸሐፊው ማጉያውን እንደ ሌባ ዕቃ ከኋላው ሸሸገው። ፎቶ አንሺው መሣሪያውን ከአንገቱ አንሥቶ፣ "መብራቱስ ቆንጆ ነው፤ ግን 'በፊት' የሚሆነኝ የለም" አለ። ሊቀመንበሯ በልጆቹ መሃል እየተዘዋወረች አንዱን አገጩን፣ አንዷን አንገቷን በጣቷ ጫፍ ቀና እያደረገች ፈተሸች፤ ጠቃጠቆ እንኳ ስታጣ ጊዜ ከንፈሯን ነከሰች። ሰው ሕፃን ንጹሕ ሆኖ አግኝቶ ሲናደድ ማየት! ቁርስ የበላ ሰው ሊያየው የሚገባ ነገር አይደለም።

"ጭቃ የለም? ትንሽ ጭቃ ላይ ይጫወቱ" አለች።

ጸሐፊው ግቢውን ዞረ። ሲሚንቶው ደረቅ ነው፤ ያውም የተወለወለ። የቆሻሻ በርሜሉን ከፈተ፤ ታጥቦ ተደፍቷል። ላብ አጠመቀው። "ምን ዓይነት ቤት ነው? ለመድኃኒት የሚሆን ቆሻሻ እንኳ የለውም እንዴ?" ብሎ ጮኸ።

አይነኬ ስለ ሥራዋ የተጠየቀች መሰላት። ኩራቷ ተነካ፤ ደግሞም ተኮፈሰች። እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ "በዚህ ቤት ከቦይለሩ ጥቀርሻ በቀር ቆሻሻ የሚባል ነገር አይገኝም! በየክፍሉ ገብታችሁ ማየት ትችላላችሁ!" አለች።

ከዚያ ሊቀመንበሯ ቀስ ብላ ፈገግ አለች። "ጥቀርሻ" አለች፤ "እናቴ፣ እስኪ ትንሽ አምጪልን።"

አይነኬ አልገባትም። ሲገባት ደግሞ ቀልድ መሰላት። ወላጆቹ "ለልጆቹ ያልታሰበ ደስታ አዘጋጅተናል" ተብለው ከግቢው ወጥተው በሩ ሲዘጋባቸው ነው ቀልድ እንዳልሆነ ያወቀችው።

"እነዚህን ልጆች? ጥቀርሻ?" አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "ትናንት እኮ ነው የታጠቡት፣ እኔ ራሴ..."

"እናቴ" አለች ሊቀመንበሯ፣ ሽቶዋ እስኪያፍን ተጠግታ፤ ሳትነካት ግን። "ቦይለሩን ትፈልጊያለሽ ወይስ አትፈልጊም? 'በፊት' ከሌለ 'በኋላ' የለም። እኔ ምን ላድርግልሽ?"

አይነኬ ክፍሏ ታየቻት፤ አልጋዋ፣ የልጅቷ ደብተር፣ በሩ ላይ የተሰቀለው ትንሽ ፎጣ። ወደ ቦይለሩ ሄዳ፣ የምድጃውን በር ከፍታ፣ በአሮጌ መጥበሻ ጥቀርሻውን ፋቀች። ስትፍቅ እጇ እስከ አንጓዋ ጠቆረ። በሌላ ቀን ቢሆን ኖሮ ለዚያ እጅ ሙሉ ሳሙና ትጨርስለት ነበር።

ጸሐፊው እጁን ፌስታል ውስጥ ከትቶ ነው ልጆቹን መቀባት የጀመረው። እሱ እንዳይቆሽሽ ነዋ! የሰው ልጅ ፊት ላይ ጥቀርሻ ሲለቀልቅ የራሱ ጣት አሳዘነው። ልጆቹ መጀመሪያ ላይ ጨዋታ መስሏቸው ሳቁ፤ አንዱ አንዱን እያየ "ድመት መሰልክ!" ተባባሉ። ሊቀመንበሯ ራቅ ብላ ቆማ ታዛለች። "አፍንጫው ሥር ጨምርበት፤ ንፍጥ እንዲመስል ውኃ ጠብ አድርግበት። እሷን አንገቷን። እሱን ካናቴራውን፣ ካናቴራውን!" ታጥቦ ጭቃ ሲባል እስከዛሬ በአባባል ነበር የምንሰማው፤ እነዚህ ሰዎች በተግባር አሳዩን።

"ያቺ ነጭ የለበሰችውን አምጧት" አለች ሊቀመንበሯ። "እሷ ናት ዋናዋ። ልዩነቱ በእሷ ነው ጎልቶ የሚታየው።"

ልጅቷ ጸሐፊው ሲጠጋት ወደ ኋላ አፈገፈገች፣ ሮጣም አያቷ ሽርጥ ሥር ገባች። ጸሐፊው ሳቀ። "እኔን ፈራችኝ። እርስዎ ይቀቧት እንግዲህ።"

"እማማ" አለች ልጅቷ፣ ቀና ብላ እያየቻት፤ "ልቀባ?"

ሁሉም አይነኬን አዩ። ሊቀመንበሯ ሰዓቷን አየች። አይነኬ ለማለት የፈለገችው ሌላ ነበር፤ ከአፏ የወጣው ግን፣ "ለፎቶ ነው የኔ እናት። ቶሎ ይለቃል" የሚል ነው።

ልጅቷ አመነቻት። አያቷ ከተናገረች ነገሩ አልቋል። እንደ ማታው መዳፎቿን ዘረጋችላት። አይነኬ በጥቁር እጇ ያዘቻቸውና አጠቆረቻቸው። ማንም ሳያዛት ልጅቷ ራሷ ገለበጠቻቸው። አይነኬ ያንንም ጎን አጠቆረች፤ ከዚያ ጉንጮቿን፣ ከዚያ ግንባሯን፣ ከዚያ ነጩን ቀሚስ። ልጅቷ ራሷን ስትታጠብ እንደምታደርገው ዐይኖቿን ጨፍና ቆመች። ፎቶ አንሺው፣ "አይ፣ አይ፣ ዐይንሽን ክፈቺ! አዝነሽ ተመልከቺ!" እያለ አነሣት። ማዘኑን እንዲያስተምራት አላስፈለገም።

ቀጥሎ "በኋላ" ተጀመረ። ሊቀመንበሯ የላስቲክ ጓንት አጠለቀች፤ በላዩ ላይ ሌላ ጓንት ደረበች። ከዚያ ልጅቷን ከባልዲው ፊት አቁማ፣ በጣቶቿ ጫፍ፣ የሞተ አይጥ ከቤት እንደሚያወጣ ሰው ፊቷን እያጣመመች ታጥባት ጀመር። ፎቶ አንሺው ሲያነጣጥር ፈገግ ትላለች፤ ሲያወርድ ፊቷ ይኮሳተራል። ጥቀርሻ ደግሞ በለብታ ውኃ አይወጣም፤ እየተሟሟ ወደ ዐይን ይገባል። ልጅቷ ስታለቅስ፣ "አይዞሽ ቆንጆዬ" አለቻት ሊቀመንበሯ፤ ዞር ብላም ለጸሐፊው፣ "እባክህ ይቺን ያዝልኝ፣ ንፍጧ ነካኝ" አለችው። አይነኬ ይህን በጆሮዋ ሰማች። ዕድሜ ልኳን ስንት ቆሻሻ ያነሣች ሴት፣ አፏን ይዛ ግድግዳ ተደገፈች።

በዚህ መሃል የከሰል ሻጯ ልጅ ወደታች አቀርቅሮ ካናቴራውን አየ። ጥቁር ነው። እጁን አየ፤ ጥቁር ነው። ልጁ እስከዚያ ድረስ ሲስቅ ነበር። ድንገት ጩኸቱን አቀለጠው።

"እኔ አልነካሁም! እማዬ፣ እኔ አልነካሁም! እነሱ ናቸው! አትምቺኝ፣ እኔ ከሰል አልነካሁም!"

የግቢው በር በትከሻ ተገፍቶ ተበረገደ። ከሰል ሻጯ ከሥራዋ እንደተነሣች ነው የመጣችው፤ እጇ እንደዚያው ጥቁር ነው። ልጇን አየችው። ልጁ እንደሚመታ ሰው ፊቱን በክንዱ ከለለ።

"ሴትዮ" አለች፣ ወደ ሊቀመንበሯ ዞራ። "እኔ ከሰል ሻጭ ነኝ። ይሄው እጄ፣ እይው። በዚህ እጅ ልጄን ነክቼው አላውቅም። ሲወድቅ በክርኔ ነው የማነሣው። ለምን ይመስልሻል? እኔስ አንዴ ጠቁሬያለሁ፣ እሱ እንኳ ይቅርለት ብዬ ነው።"

"እህቴ፣ ተረጋጊ እንጂ" አለች ሊቀመንበሯ፣ ጓንቷን ወደ ላይ አንሥታ። "እኮ እኛ ልናጥበው ነው!"

"ታጥቦ ነው የመጣው!"

ይህን ያለችው በጣም ጮክ ብላ ስለነበር ውጭ የነበሩት እናቶች ሁሉ ሰሙ። በሩ ላይ ተጠጋግተው አንገታቸውን አስገቡ። ጸሐፊው ከልማዱ የተነሣ ማጉያውን ወደ አፉ አስጠጋና መልሶ አወረደው። ከሰል ሻጯ ዙሪያዋን አየች፤ "ማን ነው ይሄን ያመጣው? የምን ጥቀርሻ ነው?" አለች። መልስ አያስፈልግም ነበር፤ መጥበሻው አይነኬ እጅ ላይ ነው።

ከሰል ሻጯ መጥበሻውን አየች። የአይነኬን እጅ አየች። እስከ አንጓው የጠቆረ፣ ልክ የራሷን የመሰለ እጅ።

"እትዬ" አለች ቀስ ብላ፤ "እርስዎም?"

ጎንበስ ብላ፣ ልጇን በክርኖቿ መሃል አቅፋ አነሣችው። ያን ሁሉ ጥቀርሻ ለብሶ እንኳ በእጇ አልነካችውም። እናቶቹ ገብተው የየልጆቻቸውን እጅ እየያዙ ወጡ። አንዲት እናት ሊቀመንበሯ እግር ሥር ምራቋን ትፍ አለች፤ በጎ አደረገች። ሊቀመንበሯ ወደ ፎቶ አንሺው ዞራ፣ "ዋናዋ ተነሥታለች አይደል? 'በፊቱም' 'በኋላውም'?" ብላ ጠየቀችው። ተነሥታለች አላት። ጓንቶቿን ገልብጣ አወለቀችና አይነኬ ወደወለወለችው ሲሚንቶ ጣለቻቸው። "በቃ፣ ይበቃናል" አለች።

ቃሏ ቃል ነው፤ ቦይለሩ መጣ። አብረቅራቂ፣ ሆዱ ላይ የክበቡ ስም በቢጫ የተጻፈበት። ዝናቡ ሲገባ የሰፈሩ ሰው በፍል ውኃ ይታጠብ ጀመር። መጋዘን የሚል ቃል ዳግመኛ አልተነሣም። አብሮት ግን ሌላም ነገር መጣ። በአደባባዩ፣ ልጆች ሁሉ ወደ ትምህርት ቤት በሚያልፉበት መንገድ፣ ሁለት ሰው የሚያህል ቁመት ያለው ሰሌዳ ተተከለ። በግራ በኩል ጥቀርሻ የተለቀለቀች፣ ዐይኗ እንባ ያቆረዘዘ ልጅ፤ ከሥሯ "በፊት"። በቀኝ በኩል ያቺው ልጅ የክበቡን ቢጫ ካናቴራ ለብሳ፣ ዐይኗ በሳሙና ቀልቶ፤ ከሥሯ "በኋላ"።

ልጆች ደግሞ ልጆች ናቸው። ሳምንት አልቆየም፣ ስም አወጡላት። "በፊት መጣች! በፊት ሂጂ ታጠቢ!" ይሏታል። በዚያ ሰፈር ከእሷ የነጻች ልጅ አልነበረችም። አይነኬ ሰሌዳው ይነሣልኝ ብላ መደብሩ ድረስ ሄዳ ነበር። ሊቀመንበሯ ከመስታወቱ ጀርባ ሆና፣ "እናቴ፣ እሷ እኮ የኛ ኮከብ ናት!" ብላ በእጇ ሰላም አለቻት። በሩን አልከፈተችላትም። ሰፈሩም እንደ ልማዱ፣ "የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች" ብሎ ፈረደባት፤ ከፈረደ በኋላም ፎጣውን ይዞ መጥቶ በፍል ውኃው ታጠበ። ሰፈር እንደዚህ ነው።

ልጅቷ አላኮረፈችም፤ አኩርፋ ቢሆን ኖሮ በተሻለ። ታወራለች፣ ትበላለች፣ የቤት ሥራዋን ትሠራለች። ብቻ ማታ ማታ "አሳዪኝ በይኝ" ማለት ተወች። ገላዋንም ጓሮ ባለው ቧንቧ፣ በቀዝቃዛው፣ ራሷ መታጠብ ጀመረች። አይነኬ አይታ እንዳላየች ከረመች። ልጅ ነው፣ ይረሳዋል እያለች ራሷን ታጽናና ነበር።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ታጣቢ ጋብ ሲል፣ የመጀመሪያውን ክፍል ከፈተች። አዲስ ሳሙና ከወረቀቱ አወጣች። ውኃውን በክርኗ ሞከረችው፤ ለልጅ ገላ ልክ ነው። "ነይ የኔ እናት፣ ዛሬ እኔ ራስሽን ልጠብሽ" ብላ ተጣራች።

ልጅቷ ፎጣዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ መጣች። ደፉ ላይ ስትደርስ ቆመች፤ አልገባችም።

"አሳዪኝ" አለች።

አይነኬ ጨዋታቸው የተመለሰ መሰላት። ደስታው ዐይኗ ላይ መጣ። ሽርጧ ላይ አደራርቃ መዳፎቿን ዘረጋች።

"ገልብጪው።"

ገለበጠችው።

"ጥፍርሽን።"

አይነኬ ጣቶቿን ዘረጋግታ አሳየቻት። ነጭ ናቸው፤ ውኃና በረኪና የጨረሳቸው፣ የተሸበሸቡ ንጹሕ ጣቶች። ልጅቷ ጎንበስ ብላ፣ ሳትቸኩል፣ አንድ በአንድ አየቻቸው። ቀና ስትል ፊቷ ላይ ቁጣ አልነበረም።

"አልለቀቀም" አለች።

"የቱ ጋ? የኔ እናት፣ የቱ ጋ ነው? ንጹሕ ነው እኮ፣ እስኪ ደግመሽ እይው!"

ልጅቷ ፎጣዋን ትከሻዋ ላይ አስተካክላ፣ በግቢው በር ወጥታ፣ ወደ ጎረቤት ታጠፈች። አይነኬ እጆቿን እንደዘረጋች ቀረች። ፍል ውኃው እየወረደ ክፍሉ በእንፋሎት ተሞላ። ከግድግዳው ማዶ መጀመሪያ የልጅቷ ድምፅ ተሰማ፤ ምን እንዳለች ግን አልተለየም። ቀጥሎ ባልዲ ሲቀመጥ፣ ከዚያ የከሰል ሻጯ ድምፅ ተሰማ።

"እሺ የኔ ቆንጆ፣ አጥብሻለሁ። ቆይ ብቻ፣ መጀመሪያ እጄን ልታጠብ።"